ሞተሩ ቀጥ ያለ ዕለት

እንግዲህ ጠጋ ጠጋ በሉና ስሙኝ። የምተርክላችሁ በእርግጥ የሆነ ነገር ነው፤ ዘመኑም፣ ቦታውም፣ የሰውየውም ስም ይታወቃል።

ጊዜው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2012 ነው። አገሩ ሜክሲኮ፣ በስተደቡብ ያለው የቺያፓስ ግዛት። መንደሩ ኮስታ አዙል ይባላል፤ ከፊቱ የፓሲፊክ ውቅያኖስ ተንጣሎ ይታያል። ሆሴ ሳልቫዶር አልቫሬንጋ የሚባል የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ፣ ባሕሩን ጠንቅቆ የሚያውቅ ዓሣ አጥማጅ፣ በወሩ 17ኛ ቀን ጀልባውን ወደ ውኃው ገፋ። ጀልባው ከፋይበር ግላስ የተሠራ ነው፤ ርዝመቱ 7 ሜትር ገደማ፤ ጣሪያ የለው፣ መስኮት የለው፣ የሌሊት መብራት የለው። መሐሉ ላይ ለዓሣ ማቆያ የሚሆን ትልቅ የበረዶ ሣጥን ተቀምጧል። ከኋላው ሞተር ታስሯል። አንድ ሞተር። ይህችን «አንድ» ያዙልኝ።

አብሮት የወጣው ወጣት የሁልጊዜ ባልደረባው አልነበረም። በመጨረሻው ሰዓት የተገኘ፣ ጥልቅ ባሕርን እምብዛም የማያውቅ ልጅ ነው። ሄደው ለመመለስ ያሰቡት 30 ሰዓት ያህል ነበር።

ጀልባው ለእናንተም እንግዳ አይደለም። ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ ዘጌን ወይም እንጦስ ኢየሱስን ልትሳለሙ የተሳፈራችሁበት፣ ሀዋሳ ላይ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሽርሽር የወጣችሁበት ጀልባ አሠራሩ ይኸው ነው። ክፍት ነው፤ ዝቅ ያለ ነው፤ ከኋላው አንድ ሞተር አለው። ዱባይ ላይ ወይም ፖቶማክ ወንዝ ላይ ለአንድ ቀን ተከራይታችሁ የነዳችሁትም ቢሆን ቀለሙ ያማረ ከመሆኑ በቀር ነገሩ ያው ነው። ስለዚህ የሰውየውን ታሪክ የሩቅ አገር ወሬ ነው ብላችሁ አትስሙት።

ሌሊቱን ማዕበል ተነሣ። ያ የባሕር ወሽመጥ ቴዋንቴፔክ ይባላል፤ በብርዱ ወራት በነፋሱ የታወቀ ነው። ከሰሜን፣ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ በኩል የሚመጣው ቀዝቃዛ አየር በተራሮቹ መካከል ባለች ጠባብ በር ተጨናንቆ ያልፍና ወደ ፓሲፊክ ሲወጣ ጉልበቱ ይበረታል። ነፋሱ የሚነፍሰው ከየብስ ወደ ባሕር ነው። ሞተር ያለው ሰው እየታገለ ይገባል፤ ሞተር የሌለው ደግሞ ፊቱ ወደ አገሩ ቢሆንም ወደኋላ ይሄዳል።

አልቫሬንጋ ወደ መንደሩ አዞረ። ማዕበሉ ጀልባውን ውኃ ያጠጣል። ወጣቱ የገባውን ውኃ እየቀዳ ይደፋል፤ አልቫሬንጋ የሞተሩን እጀታ ጨብጦ ሞገዱን እየመረጠ ይሄዳል። ነጋ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ከአድማሱ ላይ ተራራ ብቅ አለ። የቀራቸው የሁለት ሰዓት ያህል መንገድ ነው፤ ተራራው ይታያል፣ መንደሩ ከሥሩ ነው። ይኼኔ ሞተሩ አንገራገረ። አንዴ ነቃ አለ፤ ደግሞ አንገራገረ። ከዚያ ቀጥ አለ።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁመውና ስለ ሞተር ትንሽ ላውራችሁ፤ ቸኩዬ ባልፈው ሌላው ነገር አይገባችሁም።

ውኃ ላይ ሞተር ሲጠፋ ሰው ወዲያው ሞተሩ ተሰበረ ይላል። ብዙውን ጊዜ ግን ብረቱ ደኅና ነው፤ የጎደለው ምግቡ ነው። ነዳጁ አልቋል፤ ወይም የሰልባቲዮው መተንፈሻ ተዘግቶ ቀርቷል፤ ወይም ተሳፋሪ የነዳጁን ጎማ ረግጦታል፤ ወይም ውኃ ከነዳጁ ጋር ተቀላቅሎ ፊልትሮው ውስጥ ገብቷል። ማዕበል ሲያንገላታው ደግሞ ከሰልባቲዮው ሥር ለዓመታት የተኛው ዝቃጭ ይነሣና መንገዱን ይደፍናል። ሞተሮች ጸጥ ባለ ቀን ሠርተው በነፋስ ቀን የሚጠፉት አንድም በዚህ ነው።

ሌላም አለ። ከነጂው እጅ ወይም ወገብ ጋር የሚታሰር ጠምዛዛ ገመድ አለ፤ ነጂው ውኃ ውስጥ ቢወድቅ ይነቀልና ሞተሩን ያጠፋዋል። ሕይወት የሚያድን ነገር ነው። ግን ሳይታወቅ ተነቅሎ፣ ሰው ማስነሻውን ሲጎትት ላቡ ጠብ እስኪል የሚደክምበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሞተራችሁ ቀጥ ሲል ሽፋኑን ከመክፈታችሁ በፊት እሷን ገመድ እዩ። ቀጥሎ ነዳጁን፣ መተንፈሻውን፣ ጎማውን። ቀጥሎ ፕሮፔለሩን፣ ሣር ወይም መረብ ተጠምጥሞበት እንደሆነ። ቀጥሎ ካንዴላውን። አንድ ትርፍ ካንዴላ ከነመፍቻው፣ ትርፍ ፊልትሮ፣ ፒንሳ፣ ስለት ያለው ቢላ፣ ውኃ በማያስገባ ከረጢት ውስጥ ተጠቅልለው ቢቀመጡ ክብደታቸው ከአንድ ኪሎ ብዙም አይበልጥም። በቁልፍ የሚነሣ ሞተር ከሆነ ባትሪው ሊደክም ይችላል። ብዙዎቹ መካከለኛ ሞተሮች ግን ሽፋናቸው ሲነሣ ከላይ ባለው ተሽከርካሪ ብረት ላይ ገመድ ተጠምጥሞ በእጅ የሚነሡበት መንገድ አላቸው። ገመዱ የት እንዳለ የሚታወቀው በጸጥታ ቀን የብስ ላይ ሆነው ከሞከሩት ብቻ ነው።

ነዳጅን በተመለከተ ጀልበኞች የሚከተሉት የቆየ ልማድ አለ፤ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለክፉ ቀን። ከነፋስ ጋር ሄዶ በነፋስ ላይ የሚመለስ ሰው ይህ ሦስተኛው ሲሶ ምን እንደሆነ ያውቃል።

ወደ አልቫሬንጋ እንመለስ። ሬዲዮ ነበረው፤ አለቃውን ጠራ። ሞተሩ ሞቷል አለው። አለቃው ያሉበትን ቦታ ጠየቀ። ጂፒኤሱ ውኃ ገብቶበት አይሠራም፤ ቦታውን የሚነግርበት ነገር የለውም። እንግዲያው መልህቅ ጣሉ አለ አለቃው። መልህቅ አልያዙም። አለቃው እንመጣላችኋለን ብሎ ቃል ገባ። ከዚያ የሬዲዮው ባትሪ አለቀ።

ይህን የሬዲዮ ንግግር ባሰብኩት ቁጥር ሆዴ ይረበሻል። አለቃው የጠየቀው ሁለት ነገር ነው፤ የት ናችሁ? እዚያው መቆም ትችላላችሁ? ስለ ሁለተኛ ሞተር አንድም ቃል አልተነሣም። የሚያውቅ ሰው ጥያቄ ነበር። ሞተር ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያስፈልገው መቆም ነው፤ ቀጥሎ መታየት፤ መንቀሳቀስ የሚመጣው ሦስተኛ ነው። ሰው ግን፣ በተለይ የተደናገጠ ሰው፣ ከሦስተኛው ይጀምራል። ማስነሻውን ሲጎትት፣ ሽፋን ሲፈታ፣ ካንዴላ ሲነቅል ጀልባው በነፋስ ይሄዳል። ግማሽ ሰዓት ሞተሩ ላይ አጎንብሶ ቀና ሲል ዳርቻው ርቋል፤ ወይም ይባስ ብሎ ዓለቱ ቀርቧል።

ስለዚህ ስለ መልህቅ በደንብ ላውራ፤ እኔ ባለ አንድ ሞተር ጀልባ ላይ ከሁሉ አስቀድሜ የምፈልገው እሱን ነው።

መልህቅን የሚያቆመው ክብደቱ ብቻ አይደለም። ጥርሱ መሬቱን የሚነክሰው ገመዱ ዝቅ ብሎ፣ ጋደም ብሎ ሲጎትተው ነው። ገመዱ አጭር ከሆነ ወደ ላይ ይጎትተዋል፤ ይነቀላል፤ ጀልባው መልህቁን አስከትሎ ይሄዳል። በዚህ ምክንያት የገመዱ ርዝመት ከውኃው ጥልቀት አምስት እጥፍ፣ ነፋስ ሲበረታ ሰባት እጥፍ መሆን አለበት ይባላል። በመልህቁና በገመዱ መካከል ሁለት ሦስት ሜትር ሰንሰለት ቢገባ ገመዱን ወደ ታች ያስተኛዋል፤ ከድንጋይ መፋተግም ያድነዋል። ገመዱ መታሰር ያለበት ከጀልባው ፊት ነው። ከኋላ የታሰረ እንደሆነ፣ ዝቅ ብሎ ሞተሩን የተሸከመው የኋላ ግድግዳ ወደ ሞገዱ ይዞርና ውኃው ዘሎ ይገባል። ድንጋጤ ይዞት በቅርብ ባገኘው ቦታ፣ ከኋላ፣ አስሮ ጀልባውን ያሰጠመ ሰው ጥቂት አይደለም።

ውኃው ከገመዱ ቢጠልቅስ? ያኔ የባሕር መልህቅ የሚሉት አለ፤ መሬት አይነካም፣ ውኃን ነው የሚይዘው። ጃንጥላ የመሰለ ሸራ ነው፤ ከፊት ታስሮ ሲጣል ውኃ ይሞላና ጀልባውን ከፊቱ ይይዘዋል። ጀልባው ከመሄድ አይቆምም፤ ግን አካሄዱ ይዘገያል፤ ከሁሉም በላይ ፊቱን ወደ ሞገዱ ያዞራል። ወደ ጎን የዞረ ትንሽ ጀልባ ይገለበጣልና ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ነው። የተሠራው ከሌለ ጠንካራ ባልዲ፣ ድንኳን ሸራ፣ አፉ የታሰረ ጆንያ፣ የተገኘው ሁሉ ይሆናል። አልቫሬንጋም ይህን ያውቅ ነበር። ጀልባው እንዲቀልል ያጠመዱትን ግማሽ ቶን የሚጠጋ ዓሣ፣ በረዶውንና መጠባበቂያ ነዳጁን ወደ ባሕር ከደፉ በኋላ፣ የማጥመጃውን ተንሳፋፊዎች በገመድ አያይዞ ወደ ውኃው ጣላቸው፤ ሁለቱ ያን ማዕበል ሳይገለበጡ ያለፉት በዚህ ብልኃት ነው ብዬ አምናለሁ። ሞተሩን ግን በንዴት በዱላ ደበደበው፤ የሞቱትን ሬዲዮና ጂፒኤስም ባሕር ውስጥ ወረወራቸው። ማን ይፈርድበታል? ተራራው እየታየው እየራቀ ነበር።

ፈላጊዎች ወጡ። አለቃው ቃሉን ጠብቋል። ግን የት ይፈልጉ? ቦታው አልተነገረም፤ ጀልባው ደግሞ በየሰዓቱ እየራቀ ነው፤ አየሩ ጨልሟል፤ ዝቅ ያለች ክፍት ጀልባ በነጭ አረፋ መካከል አትታይም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ፍለጋው ቆመ።

አሁን ስለ ሁለተኛው ሞተር ልመልስላችሁ፤ እስካሁን ስትጠይቁኝ እንደነበር ይገባኛል።

ከዋናው ጎን የሚታሰር ትንሽ ሞተር አለ፤ ከ4 እስከ 10 የፈረስ ጉልበት ያህል። 7 ሜትር የሆነችን ጀልባ ሰው ፈጠን ብሎ በሚራመድበት ፍጥነት፣ ከተመቸም ከዚያ ትንሽ በላይ ይወስዳታል። መልካም ነገር ነው፤ አቅም ያለው ይግዛው። ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። ትንሹ ሞተር ከትልቁ ሰልባቲዮ የሚጠጣ ከሆነ፣ ትልቁን የገደለው የቆሸሸ ነዳጅ ትንሹንም ይገድለዋል፤ ከአንድ ብልቃጥ ጋዝ የሚቀዳላቸው ሁለት ኩራዞች ጋዙ ሲያልቅ አብረው ነው የሚጠፉት። ስለዚህ የራሱ ጀሪካን፣ የራሱ ንጹሕ ነዳጅ ይኑረው። ሁለተኛው ነገር፣ ዓመቱን ሙሉ ሳይነሣ የተንጠለጠለ ሞተር በጭንቅ ቀን አይነሣም። በየጉዞው መጨረሻ ለአሥር ደቂቃ እሱን አስነሥቶ ወደ ወደቡ መግባት ልማድ ቢሆን፣ ሞተሩም ይታደሳል፣ ነጂውም እጁ ይለምዳል። በባትሪ የሚሠሩ ትንንሽ ሞተሮችም አሉ፤ በጸጥታ ቀን ወደ ዳር ያደርሳሉ፤ ነፋስ ላይ ግን ባትሪያቸው ቶሎ ይደክማል።

መቅዘፊያስ? መቅዘፊያን የሚንቅ ሰው አይግጠመኝ። እውነት ነው፣ ከባድ ጀልባን በነፋስ ላይ ቀዝፎ አገር መግባት አይቻልም። ነገር ግን ከዓለት አምስት ሜትር ለመራቅ፣ ፊትን ወደ ሞገድ ለማዞር፣ ከሸምበቆ ውስጥ ለመውጣት፣ ወደ እርዳታ ጀልባ ለመጠጋት ሁለት መቅዘፊያ ከሌለ ሰው በእጁ ውኃ ሲቧጥጥ ይውላል። ነፋሱ ወደምትፈልጉት ዳርቻ የሚነፍስ ከሆነ ደግሞ ሸራ በሁለት ዘንግ ወጥሮ መሄድም ይቻላል።

ሌላ ጀልባ ደርሶ ሲጎትታችሁም ዘዴ አለው። ገመዱ ከፊት ካለው ጠንካራ ቀለበት ይታሰር፤ ረዘም ይበል፤ ጎታቹ ቀስ ብሎ ይጀምር፤ የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ አጥንት ይሰብራልና ከገመዱ ትይዩ ማንም አይቁም። አሜሪካ ያላችሁ እንደ መኪና ሁሉ ለጀልባም በዓመት ክፍያ መጥተው የሚጎትቱ ድርጅቶች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ያ ሁሉ ግን የሚሠራው ጠሪው ሲሰማና ቦታው ሲታወቅ ነው።

ወደ መታየት መጣን።

በዓለም ዙሪያ የባሕር ሬዲዮ የጭንቅ ጥሪ የሚደረገው በቻናል 16 ነው። በእጅ የሚያዝ፣ ውኃ የማያስገባ፣ የራሱ ባትሪ ያለው ሬዲዮ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ይደርሳል፤ የጀልባው ባትሪ ሲሞት እሱ አይሞትም። ከዚያ በላይ ደግሞ ጥልቅ ባሕር የሚወጣ ሰው ሁሉ እንዲይዘው የምመኘው አንድ ትንሽ መሣሪያ አለ። በ406 ሜጋ ኸርዝ ወደ ሳተላይት ይጮኻል። የሚሰሙትን ሳተላይቶች የሚያስተባብረው ኮስፓስ ሳርሳት የሚባለው ሥርዓት ነው፤ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በቀዝቃዛው ጦርነት መካከል፣ ካናዳንና ፈረንሳይን ጨምረው እ.ኤ.አ. በ1979 የተስማሙበት ነው። በ1982 የመጀመሪያዎቹን ሰዎች አዳነ። በኪስ የሚያዘው ዓይነት ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ለጀልባ የሚሆነው ቢያንስ 48 ሰዓት ይጮኻል። አልቫሬንጋ ያን ዕለት ጠዋት አንዲት ቁልፍ ቢጫን ኖሮ ያለበት ቦታ ለነፍስ አድን ሠራተኞች ይደርሳቸው ነበር። በዚያ ሁሉ መከራ መካከል ይህ ነው እጅግ የሚቆጨኝ።

መሣሪያው ባይኖርም ርካሽ ነገሮች አሉ። የፊት መስታወት ፀሐይን ከሩቅ ላለ ዓይን ትልካለች። ፊሽካ ከጩኸት ይርቃል፤ ጉሮሮም አያደርቅም። የእጅ ባትሪ፣ ብርቱካንማ ጨርቅ። ወራት ሲያልፉ ትልልቅ መርከቦች በአልቫሬንጋ አጠገብ አለፉ፤ እጁን አወዛወዘ፣ ጮኸ፤ አላዩትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባጭሩ ልንገራችሁ። ዓሣ በእጃቸው ያዙ፣ የባሕር ኤሊና ወፍ ያዙ፣ ጥሬውን በሉ። የዝናብ ውኃ ጠጡ፤ ዝናብ ሲጠፋ የኤሊ ደም ጠጡ። ከፀሐይ ለመሸሽ በረዶ ሣጥኑ ውስጥ ገብተው ተኙ። ወጣቱ ጥሬ ሥጋው አልወርድ አለው፤ ሰውነቱ መነመነ፤ ተስፋውም አለቀ፤ እዚያው ጀልባው ላይ ሕይወቱ አለፈች። አልቫሬንጋ ብቻውን ቀረ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 30 ቀን 2014 ከማርሻል ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከኢቦን ዳርቻ ደርሶ እየዳኸ ወጣ። ባሕር ላይ 438 ቀን ነበር። የሄደው መንገድ 10 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ብዙ ሰው አላመነውም፤ የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ግን የነፋሱንና የውኃውን ፍሰት አስልተው ያ ጀልባ ከሜክሲኮ ተነሥቶ እዚያ መድረስ እንደሚችል አሳዩ። ጋዜጠኛው ጆናታን ፍራንክሊን ከራሱ ከሰውየው አፍ ተቀብሎ በ2015 መጽሐፍ አድርጎታል።

አልቫሬንጋ ከመውጣቱ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ2010፣ ከዚያው ውቅያኖስ ላይ ከአታፉ ደሴት በትንሽ የአሉሚኒየም ጀልባ የወጡ ሦስት ወጣቶችም እንዲሁ 50 ቀን ያህል ተንገላተው፣ ቤተሰቦቻቸው ሞተዋል ብለው ጸሎት ካደረጉላቸው በኋላ፣ ፊጂ አቅራቢያ አንድ የቱና መርከብ አገኛቸው።

አሁን ወደ ጣና ልውሰዳችሁ።

ጣና ባሕር ተባለ እንጂ ሐይቅ ነው፤ ግን ንቀት አይገባውም። ከሰሜን እስከ ደቡብ 84 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መሐሉ ላይ ሆኖ ዳር የማይታይበት ጊዜ አለ። ጠዋት መስታወት የመሰለው ውኃ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣበት መልኩ ይለወጣል፤ ጥልቀት የሌለው ውኃ ሞገዱ አጭርና ተደራራቢ ነውና ዝቅ ያለች ጀልባን ቶሎ ያጠጣል። ዳጋ እስጢፋኖስን ወይም ናርጋ ሥላሴን ተሳልመው የሚመለሱ ሰዎች ጀልባ ነጂው «እንፍጠን» ሲላቸው ምክንያቱ ይኸው ነው።

እምቦጭ የሚባለው የውኃ አረምም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ ከታየ ወዲህ፣ በተለይ በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ፣ ለሞተር አዲስ ጠላት ሆኗል። ሥሩ ፕሮፔለሩን ይጠመጥማል፤ ሞተሩ የሚቀዘቅዝበትን የውኃ መግቢያ ይደፍናል። ከሞተሩ ጎን የሚፈሰው ቀጭን የውኃ ክር ከቆመ ሞተሩ እየተቃጠለ ነውና ወዲያው ይጥፋ። ሞተሩን ወደ ላይ አንሥቶ ሣሩን በቢላ መቁረጥ ነው፤ በጉልበት ልለፍ ማለት ሞተር ያስከፍላል።

ነገር ግን ጣና ለባለ አንድ ሞተር ጀልባ የሰጠው አንድ ትልቅ ጸጋ አለ፤ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ሐይቁ ጥልቅ በሆነበት ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። አስሉት፤ 14 በሰባት ሲባዛ 98 ነው። 100 ሜትር ገመድና አንድ ጥሩ መልህቅ የያዘ ጀልባ ጣና ላይ የትም ቦታ፣ ነፋስ በበረታበት ሰዓት እንኳ፣ መቆም ይችላል። ወደ ዓባይ መውጫ፣ ጉማሬዎቹ ወዳሉበት፣ ወደ ጨረጨራ ግድብ ሳይወሰድ ይቆማል። ለአልቫሬንጋ መልህቅ የሕይወት ጭላንጭል ነበር፤ ለጣና ጀልባ ግን ሙሉ መፍትሔ ነው፤ ከቆመ በኋላ ባሕር ዳር አቅራቢያ ስልክ ይሠራል፣ ሌላ ጀልባ ይመጣል። ይህን ያህል ርካሽ ነገር ጀልባው ላይ ሳይኖር መንገደኛ መጫኑን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ሳይቃጠል በቅጠል ነው የሚባለው።

የሐይቁ ሰዎች በዘመናት ያወቁት ጥበብም አለ። ከደንገል የሚታሰረው ታንኳ ሞተር የለውም፤ ሞተሩ የሚሞትበት ቀንም የለም። ባለ ታንኳው ረጅም ዘንጉን ይዞ ጠዋት ይወጣል፤ ነፋሱ ሳይነሣ ይገባል፤ ወዴት እንደሚሄድ መንደሩ ያውቃል። ባለ ሞተሮቹ ፍጥነት ስላገኘን ይህን ሁሉ ልንተወው አይገባም፤ ዘንጉንም፣ ሰዓቱንም፣ መንገር ያለብንንም።

እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ ወደ ጀልባ ማቆሚያው ስትወርዱ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት ጀልባ ነጂውን በአክብሮት ጠይቁት። «ወንድሜ፣ መልህቅ አለህ?» በሉት። አለ ካለ አሳየን በሉት። የገመዱን ሌላ ጫፍ እዩ፤ ከጀልባው ፊት ጋር አስቀድሞ ካልታሰረ፣ በጭንቅ ሰዓት መልህቁ ከነገመዱ ወደ ውኃ ይወረወርና ጀልባው ባዶ እጁን ይቀራል። መቅዘፊያ የት እንዳለ እዩ። የሕይወት አድን ጃኬቱ ከመቀመጫ ሥር የታጨቀ ከሆነ አውጡና ልበሱት፤ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ በሚናወጥ ጀልባ ላይ ልጅን ማልበስ ከባድ ነው። ስልካችሁን በላስቲክ ከረጢት አድርጋችሁ አፉን እሰሩ። ከዚያ የብስ ላይ ለሚቀር ሰው፣ ለእንግዳ ማረፊያው ዘበኛም ቢሆን፣ ወዴት እንደምትሄዱ፣ በማን ጀልባ፣ ስንት ሆናችሁ እንደሆነ ንገሩት። እስከ 11 ሰዓት ካልተመለስን ለዚህ ሰው ደውልልን በሉት። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉለትና ተሳፈሩ።